የስኑከር ስቴካ ቆዳ፦ ለድሬ ሙቀት የትኛው ይሻላል? አገጣጠሙና አያያዙስ?

ነምበር_ዋን

ሰላም ለሁላችሁ። ስኑከር የምትጫወቱ የድሬና የሐረር ልጆች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ከዱባይ ያገለገለ የስኑከር ስቴካ (የኳስ መምቻ ዘንግ) ይዞልኝ መጥቷል። እንጨቱ አሽ የሚባለው ነው፣ ጫፉ ላይ የነሐስ ቀለበት አለው፣ በካሊፐር ስለካው 9.5 ሚሊ ሜትር መጣ። ጠረጴዛ ላይ አንከባልዬ አይቼዋለሁ፣ ቀጥ ያለ ነው። ያልተመቸኝ ጫፉ ላይ የተለጠፈው፣ ኳሷን የሚነካው ቆዳ ነው። ፊቱ ተጠቅጥቆ ያብለጨልጫል፤ ቾክ (እንዳያዳልጥ የሚቀባውን) ብቀባው አይዝም። ነጯን ኳስ መሃሏን ስመታት ምንም አይልም። ዝቅ አድርጌ ወደ ኋላ ልመልሳት ስል ግን ያዳልጠኛል፣ ኳሷም ወዳላሰብኩት ትሄዳለች።

ይኼ ቆዳ ተሞርዶ ይድናል ወይስ ይቀየር? የሚቀየር ከሆነ ለስላሳ ይሁን ጠንካራ? አንድ ወጥ ቆዳ ወይስ ያ በንብርብር የሚሠራው? ፑል ቤት ስጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነው የሚነግረኝ።

የከዚራው

አቦ እንኳን ደስ ያለህ፣ አሽ ጥሩ እንጨት ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ለካልኝ። ከነሐሱ ጠርዝ ጀምሮ የቆዳው ጎን ምን ያህል ቁመት ቀርቶታል? መሃሉን ሳይሆን ጠርዙን።

ነምበር_ዋን

ጠርዙ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር ያንሳል። አንደኛው ጎን ደግሞ ከሌላው ዝቅ ብሏል።

የከዚራው

በቃ አልቋል። እሱን ብትሞርደው ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ነሐሱ ነጯን መንካት ይጀምራል፤ ያኔ ኳሱንም ታበላሻለህ፣ ቀለበቱንም ታላላዋለህ። ቀይረው። ለወደፊቱ ግን ፊቱ ስላብለጨለጨ ብቻ ቆዳ አይጣልም። ቁመት ካለው በሻካራ ነገር ቀስ ብለህ ጠቅ ጠቅ ስታደርገው ቃጫው ይነሳል፣ ቾክም ይይዛል። መፈግፈግ ሳይሆን ጠቅ ጠቅ ነው። መፈግፈግ ቆዳውን ይበላል።

ለስላሳ ወይስ ጠንካራ ለሚለው፣ ለስኑከር ከለስላሳ እስከ መካከለኛ ነው የሚመረጠው። ነጯ 52.5 ሚሊ ሜትር ናት፣ ከአሜሪካ ፑል ኳስ (57 ሚሊ ሜትር ገደማ) ታንሳለች፤ ጠረጴዛው ደግሞ 12 ጫማ ነው። በቀስታ ነክተህ ቦታዋን የምታስይዝበት ጨዋታ ስለሆነ እጅህ ላይ የሚሰማህ ነገር ያስፈልግሃል። ከዚያ በላይ የራስህ ምርጫ ነው።

ሸዋ_በር

ከሐረር ነኝ። እኔ ንብርብሩን ነው የምመክርህ። የጃፓኑ ካሙይ ወይም የታይላንዱ ታሊስማን። ከአሳማ ቆዳ ስስ ስሱን ደራርበው በሙጫ ነው የሚጫኑት። ጥቅሙ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ዛሬ የገዛኸውና የዛሬ ዓመት የምትገዛው ያው ነው። ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ወደ ጎን አያብጥም፣ ቶሎ ቶሎም አይሞረድም። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ስቴካ ከዱባይ ድረስ አስመጥተህ በቆዳው ላይ መቆጠብ አይገባኝም።

የከዚራው

ሸዋ በር፣ ስለ ቅርጹ እውነትህን ነው። ግን ለሰውዬው ሁሉንም ንገረው እንጂ። ንብርብር ቆዳ በደንብ ካልተያዘ ሽፋኑ ይላቀቃል፤ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ታያለህ። ድሬ ደግሞ ንብርብሩ ይኑር እንጂ ትክክለኛው ይሁን አይሁን የምታረጋግጥበት የለም። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ በታወቀ ስም የታሸገ ገዝቼ፣ በምላጭ ስከላው ንብርብሩ ጎኑ ላይ የተሳለ ቀለም ሆኖ አገኘሁት። ከውስጥ ተራ ቆዳ ነው። ለዚያ ዋጋ አንድ ሙሉ ሳጥን ኤልክ ማስተር የሚባለው አንድ ወጥ ቆዳ ይመጣ ነበር።

የሳቢያኗ

አንድ ነገር ላስተካክል፣ ምክንያቱም ፑል ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚደጋገም ነው። «ለስላሳ ቆዳ ስፒን (የኳሷን ሽክርክሪት) ይጨምራል» ይባላል። ቆዳው ኳሷን የሚነካው ከሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ሺኛ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። ስፒን የሚወስነው ከመሃል ምን ያህል ርቀህ እንደመታህና በምን ፍጥነት እንደሆነ ነው፤ ቆዳው ከዚያ በላይ የሚሠራው አለማዳለጥ ነው። ጠንካራውም ቾክ ከያዘልህ እኩል ስፒን ይሰጥሃል። ለስላሳው ቾክ በቀላሉ ስለሚይዝ ነው ስሙ የወጣለት።

ድንበሩም የታወቀ ነው። ከኳሷ መሃል ተነስተህ የራዲየሷን ግማሽ ያህል ከወጣህ በኋላ የትኛውም ቆዳ ያዳልጣል። ለስኑከር ኳስ ይኼ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነምበር ዋን፣ አንተ ዝቅ አድርገህ ስትመታ ከዚያ ድንበር ውስጥ ሆነህ እያዳለጠህ ከሆነ ጥፋቱ የቆዳው ነው። በተለይ ፊቱ ዝርግ ከሆነ ዝቅ ብለህ ስትመታ ኳሷን የሚነካው ጠርዙ ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ ቾክ የለም፣ አንተ የቀባኸው መሃሉን ነዋ። ለዚህ ነው ጉልላት ያለው ቅርጽ የሚያስፈልገው።

ነምበር_ዋን

እህቴ፣ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም፣ አመሰግናለሁ። የኔው በእርግጥ ዝርግ ነው። ጉልላቱ ምን ያህል መሆን አለበት?

የሳቢያኗ

የ25 ሳንቲም ጠርዝ ከቆዳው ጎን አስጠግተህ ወደ ብርሃን ተመልከት። የሁለቱ ቅስት ከተቀራረበ ደህና ነው። ከዚያ የሾለ አድርገው የሚጫወቱ አሉ፤ ለኔ አይመቸኝም፣ የሾለ ቆዳ ቶሎ ይጠቀጠቃል።

የድሮ_ዴፖ

ልጆች፣ ስለ ምርጫው በቂ ተባብላችኋል። እኔ ስቴካ ስጠግን ዕድሜዬ ሄዷል፤ በፊት የከረንቦላ፣ በኋላ የፑል፣ አሁን አልፎ አልፎ የስኑከርም ይመጣልኛል። ቆዳ ተነቀለ ብለው ከሚያመጡልኝ ውስጥ አብዛኛው ቆዳው ጥሩ ሆኖ አገጣጠሙ የተበላሸ ነው። ስለዚህ ነምበር ዋን፣ ካሙይም ግዛ ኤልክ ማስተር፣ ይኼን በደንብ አንብበው።

አሮጌውን በፒንሳ አትገንጥለው። ሲገነጠል የእንጨቱን ስንጣሪ ይዞ ይወጣል፤ አሽ ደግሞ በቃጫው መስመር ነው የሚሰነጠቀው። በስል ምላጭ ቀስ በቀስ እየከላህ አሳንሰው፣ የመጨረሻውን ስስ ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት አንሳው። የድሮው ሙጫ ጨርሶ መውጣት አለበት። ነሐሱ ንጹህ ነሐስ፣ እንጨቱ ንጹህ እንጨት መስሎ እስኪታይህ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። የነሐሱ ጠርዝና በውስጡ ያለው እንጨት እኩል መሆን አለባቸው። የብረት ማስመሪያ ጫፉ ላይ አጋድመህ ወደ መስኮት ያዘው። ከሥሩ ብርሃን ካለፈ አልተስተካከለም። አንዳንዴ እንጨቱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ያኔ ቆዳው የሚጣበቀው በቀለበቱ ቀጭን ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሆነ በአንድ ጠንካራ ምት ይወድቃል። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጥፈህ ስቴካውን እያዞርክ ነው የምታስተካክለው። እጅህ ካጋደለ ጫፉም ያጋድላል፣ ስለዚህ ጥቂት አድርገህ፣ በማስመሪያው አይተህ፣ እንደገና ጥቂት።

የቆዳውንም ጀርባ እንዲሁ። ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፈህ የቆዳውን ጀርባ በክብ አሽው፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ዝርግ ሆኗል ማለት ነው። መሃሉ ጠቆር ካለ ገና ጎድጓዳ ነው። ከዚያ ሁለቱንም በአልኮል ጥረግና አድርቅ። የጣት ቅባት ሙጫ አያስይዝም።

ሙጫ፦ ወፍራሙን ሱፐር ግሉ፣ ጄል የሚባለውን። ውሃ የሚመስለው ቀጭኑ ወደ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ያደርቀዋል፤ ያኔ ለስላሳ ብለህ የገዛኸው ድንጋይ ይሆናል። ጠብታዋ የክብሪት ራስ ብታህል ይበቃል። ቀብተህ፣ መሃል ለመሃል አስቀምጠህ፣ ስቴካውን ገልብጠህ ጫፉን ጠንካራ ጣውላ ላይ ቀጥ አድርገህ ተጫነው። ከዚያ ተወው። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ስለሆነ በበጋ የኛ ደረቅ አየር ያዘገየዋል። ቱቦው ላይ «በሰከንዶች» ቢልም እኔ ሳያድር አልሰጥም።

ሲያድር ትርፉን ትከላለህ። ስቴካውን እንደገና ገልብጥ፣ ቆዳው ጣውላ ላይ ይረፍ፣ ምላጩን ነሐሱ ላይ አስደግፈህ ወደ ታች ቁረጥ። ነሐሱን ሳትቧጭር ማለት ነው። ቆዳው ከነሐሱ ጋር እኩል ሲሆን ጎኑን በምራቅ ወይም በውሃ እርጥብ አድርግና በቁራጭ ቆዳ እስኪያብረቀርቅ ፈግፍገው። የጠነከረ ጎን ወደ ውጭ አያብጥም። ይኼን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ቆዳው ከነሐሱ አልፎ ሲወጣ ያየኸው ሁሉ ጎኑ ሳይፈገፈግ የቀረ ነው።

ፊቱን መጨረሻ ላይ ነው ቅርጽ የምታስይዘው። ጥቂት ከተጫወትክ በኋላ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ጎኑም ጥቂት ይወጣል። አትደንግጥ፣ አንዴ ከልተህ ፈግፍገው፣ ከዚያ በኋላ ይረጋል።

ደንገጎ

ጋሼ እጅዎ ይባረክ። ይኼን ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

እኔ ሥራዬ ሐረርና ድሬ መመላለስ ነው። ስቴካዬም አብሮኝ ነው የሚሄደው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,880 ይጠጋል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ ቆላም ደጋም ታያለህ። በቆዳው ላይ የማየው ለውጥ ብዙ አይደለም። መኪና ውስጥ መተው ግን ሌላ ነው። ድሬ ከፊራ ገበያ በር ላይ እኩለ ቀን መኪና አቁመህ ስቴካውን ኋላ መስታወት ሥር ብትተወው እንጨቱም ይጎብጣል፣ ሙጫውም ይላላል። ቆዳው ደርቆ ፊቱ ይጠነክራል። ለምሳ ስወርድ ይዤው ነው የምወርደው፤ ሰው ያየኛል፣ ይየኝ።

ቤትም ቢሆን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አታቁሙት። ወይ ተኝቶ ወይ ተንጠልጥሎ።

ሸዋ_በር

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ንብርብሩን ስገጥም ጎኑን በውሃ ማራስ አይጎዳውም? ሙጫው ስለሆነ የያዘው።

የድሮ_ዴፖ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ንብርብሩን ማራስ አልወድም። ደረቁን በቁራጭ ቆዳ ፈግፍገው፣ ሙቀቱ ራሱ ያለሰልሰዋል። ስትከላውም ምላጩ አዲስ ይሁን። ደነዝ ምላጭ ሽፋኑን ይጎትተዋል፣ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከላይ የከዚራው ያለው ስንጥቅም ብዙውን ጊዜ የደነዝ ምላጭ ሥራ ነው። ቆዳው ጥሩ ነው፤ እኔ ንብርብር አልቃወምም። ለጀማሪ ግን ኤልክ ማስተር እሰጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ቅርጽ ማስያዝና መፈግፈግ የሚለመደው በእሱ ነው።

የከዚራው

ኤልክ ማስተርን ካነሳን፣ ነምበር ዋን፣ እሱ የአሜሪካው ትዊተን የሚሠራው ሰማያዊ ቀለም ያለው አንድ ወጥ ቆዳ ነው። በ50 ፍሬ ሳጥን ይመጣል። አስቸጋሪው ነገር 50ውም አንድ አለመሆናቸው ነው፤ ከአንድ ሳጥን ውስጥ አንዱ ጥጥ፣ አንዱ እንጨት ይወጣል። ስለዚህ መምረጥ ያስፈልጋል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ጸጥ ባለ ሰዓት ንጹህ መስታወት ወይም ሴራሚክ ላይ አንድ በአንድ ከአንድ ስንዝር ከፍታ እጥላቸዋለሁ። ቀጠን ያለ ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠው ጠንካራ ነው፣ ድፍን ያለው ለስላሳ ነው። በሦስት ክምር እለያቸዋለሁ። ከዚያ በጥፍር ጎኑን እጫናለሁ፣ ጥፍሬ ምልክት ትቶ የሚመለስበት ጥሩ ነው፣ ተሰርጉዶ የሚቀረውን አልፈልገውም። ቃጫው ከጎን ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት፤ ሽፋን ሽፋን ሆኖ የሚነሳ ከሆነ ውድቅ ነው። ከሳጥኑ በእውነት የምወደው ግማሹ አይሞላም፤ ሌላውን ለልምምድ ስቴካ እጠቀምበታለሁ።

የአሸዋ_ልጅ

ይኼን ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ ድሮ ቆዳ ሳይኖር በምን ነበር የሚመቱት?

የድሮ_ዴፖ

በባዶ እንጨት። ኢፌክት (ስፒን) የሚባለው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፣ እንጨት ኳስ ላይ ያዳልጣላ። ቆዳ ጫፉ ላይ በመለጠፍ የሚታወቀው ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ሚንጎ ነው፤ እስር ቤት ሆኖ ቢሊያርድ ሲለማመድ ነው በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሻሻለው። ነጯን ወደ ኋላ ሲመልሳት ያዩ ሰዎች ጉድ ብለዋል። አሁን የምንቀባው ቾክ ደግሞ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በ1897 አሜሪካ ውስጥ ስፒንክስ የተባለ ተጫዋችና ሆስኪንስ የተባለ ኬሚስት ናቸው የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡት። የትምህርት ቤት ጠመኔ ለጠረጴዛ አይሆንም፤ ጨርቁን ያቆሽሻል፣ ቆዳውንም አይዝም። አንዳንድ ፑል ቤት ቾክ ሲያልቅ ጠመኔ ሲያቀርቡ አያለሁ፣ ያ ልክ አይደለም።

የሳቢያኗ

ጋሼ ስለ ቾክ ካነሱ ልጨምርበት። ቾኩን ቆዳው ላይ ተክለው እንደ መሰርሰሪያ የሚያዞሩ ልጆች አሉ። መሃሉ ይቦረቦራል፣ ጠርዙ ባዶ ይቀራል። ቾኩን አጋድሎ ከጎን ወደ መሃል በስሱ መቀባት ነው፤ ስቴካውን እያዞሩ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት፣ ቀላል ቢመስልም። ከቀቡ በኋላ ማየት ነው፤ ያልተቀባ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ በዚያ ነጥብ ነው የሚያዳልጠው። ጨዋታ ሲያልቅ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቾኩ ተደራርቦ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል።

ነምበር_ዋን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤልክ ማስተር ለስላሳ ወደ መካከለኛ ወስኛለሁ። የምገጥመው ግን ጋሼ ዘንድ አምጥቼ አብሬ እያየሁ ነው፣ ከፈቀዱልኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ቀለበቴ 9.5 ነው፣ ገበያ ላይ 10 እና 9 አለ። የቱን ልውሰድ?

የድሮ_ዴፖ

ና እንጂ፣ ከሰዓት በኋላ አለሁ። 10ሩን ውሰድ። ትርፉ በምላጭ ይከላል። 9ኙ ከነሐሱ ያነሰ ስለሆነ የነሐሱ ጠርዝ ይጋለጣል፣ መሃል ለመሃል ማስቀመጥም አይቻልም። ካገኘህ 11 ራሱ ይሆናል፣ ብዙ መክላት ነው እንጂ። የአሜሪካ ፑል 13 ሚሊ ሜትር ግን አትግዛ፤ የዚያን ያህል ስትከላው ቆዳው ጠርዙ ላይ ይላላል።

ሸዋ_በር

ጋሼ፣ እኔና የሐረር ጓደኞቼ አንድ ሳጥን ለመካፈል ተስማምተናል። 10 ሚሊ ሜትር ኤልክ ማስተር። ደንገጎ ቅዳሜ ሲወርድ ገንዘቡን ይዞ ይምጣ፤ የከዚራው በድምፅ ይምረጥልንና ለአራት እንካፈለው። ነምበር ዋን የመጀመሪያውን ክምር ይውሰድ፣ ስቴካው የሚጠብቀው እሱ ነው።

የከዚራው

ይሁን። ጠዋት ይሁን ግን፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጫጫታ ነው፣ ድምፁ አይለይም። ሴራሚኩን እኔ አዘጋጃለሁ።

ደንገጎ

ጠዋት 3 ሰዓት ከዚራ እደርሳለሁ። ሸዋ በር፣ ገንዘቡን አርብ ማታ ሐረር አራተኛ የሚባለው ቦታ ላይ ስጠኝ።